ያገለገለች ኩፔ ስትገዙ የቀድሞ ሹፌሯን እግርም አብራችሁ ትገዛላችሁ

የመኪና አምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱንን ደብዳቤዎች ስናይ የብዙዎቻችሁ ልብ ባለ ሁለት በር መኪና ላይ ነው። አዲስ የመግዛት አቅም ያለው ጥቂት ስለሆነ ጥያቄው ሁሉ ስለ ያገለገለች ኩፔ ሆኗል። እኔም ደስ ብሎኛል፣ ስለ ቤት መኪና ዘይት ቅየራ መጻፍ ሰልችቶኝ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልበል። የቤተሰብ መኪና ሲሆን ዕድሜዋንና ኪሎ ሜትሯን አይቶ ብዙ መገመት ይቻላል። ስፖርት ኩፔ ላይ ይሄ አይሠራም። አንዷ በእረፍት ቀን ብቻ ወጥታ የምትገባ ትሆናለች፣ ሌላዋ ደግሞ ሞተሯ ሳይሞቅ በየጠዋቱ ስትጮህ የኖረች። የሁለቱም ቆጣሪ ላይ ያለው ቁጥር ግን አንድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መልሶቼ ዞረው ዞረው "ማን ነዳት? እንዴት ነዳት?" ወደሚለው ቢመለሱ አትገረሙ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። አንዲት ቀይ ኩፔ አይቼ እንቅልፍ አጥቻለሁ። አሥር ዓመት አልፏታል፣ ግን ፏ ብላለች። ሻጩ "አንድ ሰው ብቻ ነው የነዳት፣ ምንም የላትም፣ ነዳጅ ሞልተህ መሄድ ነው" ይላል። ጓደኞቼ "ፎንቃ ይዞሃል፣ መጀመሪያ አስመርምራት" ይሉኛል። ምን ምን ልይ? (እንቅልፍ ያጣው)

መልስ፦ ጓደኞችህ ልክ ናቸው። ፎንቃ የያዘው ሰው የሚታየው ቀለሙ ብቻ ነው። ስለዚህ ስትሄድ መኪናዋን ያልወደደ ሰው ይዘህ ሂድ። መካኒክ ከሆነ ደግሞ እሰየው።

ዋናው ነገር ሞተሩን ቀዝቃዛ ሆኖ ማግኘት ነው። ለሻጩ ቀደም ብለህ "ሳልመጣ እንዳታስነሳት" በለው። እንደደረስክ ኮፈኑን በመዳፍህ ንካ። ከሞቀ ሳትጨቃጨቅ ሌላ ቀን ቀጥር፣ ሁለተኛም ሞቆ ከጠበቀህ ተወው። ቀዝቃዛ ሞተር ገበናውን መደበቅ አይችልም። ሲነሳ የሚያንኳኳ ሰንሰለት፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ሰማያዊ ጭስ፣ ዙሩ ወጣ ወረድ የሚል ሞተር፣ እነዚህ ሁሉ ከሞቀ በኋላ ጸጥ ሊሉ ይችላሉ። ሰማያዊ ጭስ ማለት ዘይት ይበላል ማለት ነው። ሞተሩ ሞቆም የማያቋርጥ፣ ጣፈጥ ያለ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ከሆነ የራዲያተር ውሃ ወደ ሞተሩ እየገባ ነው፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና አካል መሃል ያለው ማሸጊያ) ጣጣ ሊሆን ይችላል። ጥቁር ጭስ ነዳጅ መብዛቱን ነው የሚናገረው። በቀዝቃዛ ጠዋት የሚታይና ቶሎ የሚጠፋ ስስ እንፋሎት ግን ጤነኛ ነው፣ አትደንግጥ።

ከዚያ የዘይት መለኪያ ዘንጓን አውጣ። ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ የጎደለው ዘይት ብቻ አይደለም። ባለቤቱ ኮፈን ከፍቶ የማያይ ሰው ነው ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ሌላውንም አላየም።

አሁን ወደ በሩ ና። የኩፔ በር ረጅምና ከባድ ስለሆነ ማጠፊያው ላይ ጫናው ይበዛል። በሩን ግማሽ ድረስ ክፈትና ጫፉን ይዘህ ወደ ላይ አንሳው። ከተነቃነቀ ማጠፊያው ተበልቷል። ብዙ ኩፔዎች ደግሞ መስታወታቸው ዙሪያውን ፍሬም የለውም። እጀታውን ስትስብ መስታወቱ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ በሩን ስትዘጋው መልሶ ከፍ ብሎ ከላስቲኩ ሥር ይገባል። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ እያስደጋገምክ እይ። ዝቅ ካላለ ወይም ተመልሶ በደንብ ካልገጠመ ዝናብ ያስገባል፣ መንገድ ላይም ንፋሱ እያፏጨ ጆሮህን ይበላሃል። ምንጣፉን ገልብጠህ ከሥሩ በእጅህ ዳስስ። ርጥበት ካለ ታሪኩ ቆየት ያለ ነው።

ወንበሯን እይ። ሰው ሲገባና ሲወጣ የሚፈጋው የሹፌሩ ወንበር የበር በኩል ጠርዝ ነው። ቆጣሪው ትንሽ ኪሎ ሜትር እያሳየ ያ ጠርዝ ከተቀደደ፣ መሪው ከለሰለሰ፣ የፔዳሉ ጎማ ካለቀ፣ አንዳቸው ይዋሻሉ። ወንበር ደግሞ አይዋሽም።

ስትነዳት ሞተሩ እስኪሞቅ ቀስ በል። ከዚያ በአራተኛ ማርሽ በዝግታ እየሄድክ ነዳጁን እስከ ታች ርገጠው። የሞተሩ ዙር እየወጣ ፍጥነቷ ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ አልቋል። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ስትመልስ ከፈጨ ወይም አልገባ ካለ ካምቢዮው ውስጥ ያለው ማመሳሰያ ተበልቷል። በስፖርት መኪና ብዙ የሚሠቃየው ሁለተኛ ማርሽ ነው። ባዶ መንገድ ስታገኝ መሪውን ለቀቅ አድርገህ ወደ አንድ ጎን ትጎትት እንደሆነ እይ፣ ከዚያ ጠንከር ያለ ፍሬን ያዝ። መሪው ከተንቀጠቀጠ ዲስኮቹ ችግር አለባቸው።

ክሪክ ላይ ወይም ጉድጓድ ላይ ሳትወጣ ግን ግዢ እንዳይታሰብ። ጎማው ከውስጥ በኩል ተበልቶ እንደሆነ፣ ሻንሲው ተመትቶ ተስተካክሎ እንደሆነ፣ ዘይት ያዘለ ቦታ ካለ የሚታየው ከሥር ነው። ለምሳሌ ከ1999 እስከ 2006 የተሠራችው የቢ.ኤም.ደብሊው ኢ46 ኩፔ የኋላ አክስሉ የሚታሰርበት የወለል ላሜራ የመሰንጠቅ የታወቀ ችግር አለባት። ከላይ አብረቅርቃ ከሥር የተሰነጠቀች ልትሆን ትችላለች። የዚችው መኪና የፕላስቲክ የውሃ መያዣና የራዲያተር ክፍሎችም ሲያረጁ ይፈነዳሉ። ሻጩ "የማቀዝቀዣ ሥርዓቱ ተቀይሯል" ካለህ ደረሰኝ አሳየኝ በለው።

የሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደልና ቁጥር ነው። አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ አይገቡበትም። ከእነሱ አንዱን ካየህ ጉድ አለ። በመስታወቱ ሥር ያለው፣ አካሉ ላይ የተመታውና ወረቀቱ ላይ ያለው ሦስቱም አንድ መሆን አለባቸው።

የመጨረሻው ተንኮል የኮምፒውተሩ ነው። የሞተር መብራት አለመብራቱ ብቻ አያጽናናህ። ሻጩ ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የብልሽት ኮድ ከመምጣትህ በፊት አጥፍቶት ሊሆን ይችላል። ኮድ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ራሱን የሚፈትሽባቸው ምርመራዎችም ከዜሮ ይጀምራሉ፣ ማንበቢያው ላይም "ገና አልተጠናቀቀም" ብለው ይታያሉ። እነሱ እስኪሞሉ ድረስ መኪናዋ መነዳት አለባት። ስለዚህ መካኒኩ ኮድ አለ የለም ከሚለው በተጨማሪ እነዚህን ምርመራዎች እንዲያይልህ ጠይቀው። ብዙዎቹ ባዶ ሆነው ከተገኙ ሻጩን "መቼ አጠፋኸው? ለምን?" በለው። ባትሪ ስለተነቀለ ነው ሊልህ ይችላል፣ እውነትም ሊሆን ይችላል። ያኔ ከጥቂት ቀን በኋላ ተመለስና ድጋሚ አንብብ። እውነት የሚናገር ሰው በዚህ አይቆጣም።

ጥያቄ፦ ሁለት መኪና መሃል ተወጥሬያለሁ። አንዷ 160 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዳለች፣ ከፋብሪካ እንደወጣች ናት፣ ቀለሟ ግን ደብዝዟል። ሌላዋ 80 ሺህ ብቻ ነው የሄደችው። ዝቅ ተደርጋለች፣ ማርሚታዋ ተቀይሯል፣ የቱርቦው ግፊት በፕሮግራም ተጨምሯል፣ ቸርኬዋ ልብ ይሰርቃል። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። (የተወጠረው)

መልስ፦ የደበዘዘችውን።

እሺ ላብራራ፣ አለበለዚያ ትቆጣለህ። አንድ ሰው የቱርቦ ግፊት የሚያስጨምረው ለመርገጥ ነው። ግፊቱ ሲጨምር ፒስቶኑም፣ ፍሪሲዮኑም፣ ካምቢዮውም፣ ዲፈረንሻሉም ያልታሰበላቸውን ጉልበት ይሸከማሉ። ጥሩ ባለሙያ ከሠራው፣ ጥሩ ነዳጅ ከተሞላበት፣ ዘይቱ ቶሎ ቶሎ ከተቀየረ ችግር የለውም። ግን ማን እንደሠራው በምን ታውቃለህ? ያልተስተካከለ ፕሮግራም ሞተሩን ያለ ጊዜው እንዲያቃጥል ያደርገዋል፣ የዚያ ጉዳት ደግሞ ፒስቶኑ ላይ ተጽፎ እስኪከፈት ድረስ አይታይም።

ዝቅ ማድረግም የራሱ መዘዝ አለው። ሞላ ቆርጠው ዝቅ ያደረጓት ከሆነ ጨርሶ አትቅረባት። በደንብ የተሠራም ቢሆን የጎማው አቀማመጥ ይለወጣል፣ ካልተስተካከለ ጎማው ከውስጥ በኩል እየተላጠ ያልቃል። ከውጭ ስታየው ጥርሱ ሙሉ ነው። እጅህን አስገብተህ የውስጡን ጠርዝ ስትዳስስ ሽቦ ይወጋሃል።

ለባለ ቆንጆ ቸርኬዋ ባለቤት አንድ ጥያቄ ብቻ አቅርብ፦ "የድሮዎቹ ዕቃዎች የት አሉ?" የመጀመሪያውን ሞላ፣ ማርሚታና ቸርኬ ጠቅልሎ ያስቀመጠ ሰው መኪናውን የሚወድ ሰው ነው፣ ከእሱ ጋር ወሬ መቀጠል ይቻላል። "ሸጥኳቸው፣ ጣልኳቸው" ካለህ ደህና ሁን በለው። ደግሞ ኢንሹራንስህ የተቀየረውን ሁሉ ማወቅ አለበት። ሳትነግራቸው ቆይተህ አደጋ ሲደርስ ካሳው ላይ ጭቅጭቅ ይነሳል።

ደብዛዛ ቀለም በፖሊሽ ይመለሳል። 160 ሺህ ኪሎ ሜትር በደረሰኝ የተደገፈ አገልግሎት ካለው ምንም አይደለም።

ጥያቄ፦ የ2013 ቶዮታ 86 አግኝቻለሁ። የቫልቭ ሞላ ችግር አለባት የሚባለው እውነት ነው? ሱባሩ ቢ.አር.ዜድም ያው ናት ይላሉ። (የ86 አፍቃሪ)

መልስ፦ ሁለቱ እህትማማቾች ናቸው። በ2012 ገበያ የወጡት በቶዮታና በሱባሩ ሽርክና ነው፣ ሞተሩ የሱባሩ ጠፍጣፋ ባለ አራት ሲሊንደር 2.0 ሊትር ነው፣ ጉልበቱ 200 ፈረስ ገደማ። የቫልቭ ሞላው ወሬም እውነት ነው። በ2018 መጨረሻ ኩባንያዎቹ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሠሩትን ጠርተው ሞላውን በነጻ መቀየር ጀመሩ። ችግሩ ሥራው ቀላል አለመሆኑ ነው፣ ሞተር ወርዶ የሚሠራ ነው። ከጥገናው በኋላ ሞተራቸው የተበላሸባቸው ባለቤቶች ክስ እስከማቅረብ ደርሰዋል። ብዙ ጣት የተቀሰረው ከመጠን በላይ የተቀባ የሲሊኮን ማሸጊያ ላይ ነው። ትርፉ ወደ ውስጥ ይወድቅና የዘይት መሳቢያውን ይዘጋል።

ስለዚህ ጥያቄህ "ተቀይሯል ወይ?" ብቻ አይሁን። ተቀይሮ ከሆነ "ከዚያ በኋላ ስንት ኪሎ ሜትር ሄደች?" በል። ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ያለ ችግር ከሄደች ጥሩ ምልክት ነው። የሻንሲ ቁጥሩን ይዘህ የቶዮታ ወኪል ጋር ብትሄድ ጥሪው እሷን ይመለከት እንደሆነና ተሠርቶላት እንደሆነ ይነግሩሃል።

ሁለት ነገር ደግሞ እንዳያስደነግጥህ። አንደኛ፣ ቆማ ስትሠራ ከኮፈኑ ሥር ፌንጣ የገባ የሚመስል ጭርጭርታ ትሰማለህ። የነዳጅ ከፍተኛ ግፊት ፓምፑ ነው፣ ያናድዳል እንጂ አይጎዳም። ሁለተኛ፣ መካከለኛ ዙር ላይ ጉልበቷ ድክም ይልና ከዚያ በላይ ተመልሶ ይመጣል። ተፈጥሮዋ ነው። ይሄ የማይዋጥልህ ከሆነ በ2021 የወጣችው ሁለተኛዋ ትውልድ 2.4 ሊትር ሞተር ይዛ መጥታለች፣ እዚያ ላይ ድክመቱ በጣም ቀንሷል። ዋጋዋን ግን ራስህ እይ።

እኔን ከጠየቅከኝ በዚህ ደረጃ ካሉት ሁሉ የመጀመሪያ ምርጫዬ ናት። ቀላል ናት፣ መሪዋ ይናገራል፣ ከኋላ ትገፋለች። በዚያው ምክንያት ግን ጎማ እያጨሰ የሚያሽከረክራት ጎረምሳ አይጠፋም። የኋላ ጎማዎቿ ከፊቶቹ በጣም አዲስ ከሆኑ ለምን እንደሆነ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ማዝዳ አር.ኤክስ-8 በማይታመን ርካሽ ዋጋ አገኘሁ። ሰው ሁሉ "ሽሽ" ይለኛል። ለምን? (ቅናሽ ወዳዱ)

መልስ፦ እነዚያ ሰዎች ግማሽ እውነት አላቸው። አር.ኤክስ-8 ከ2003 እስከ 2012 የተሠራች መኪና ናት። ከኋላ በተቃራኒው የሚከፈቱ ሁለት ትንንሽ በሮች ስላሏት "ኩፔ ናት፣ አይደለችም" የሚል ክርክር አለ። እኔ ኩፔ ናት ባይ ነኝ።

ሞተሯ ፒስቶን የለውም። ሞላላ ቤት ውስጥ ባለ ሦስት ማዕዘን ሮተር ይሽከረከራል። ሮተሮቹ ሁለት ናቸው፣ በአንድ ላይ 1.3 ሊትር። ማንዋል ባለ ስድስት ማርሿ እስከ 9,000 ዙር ትወጣለች፣ ሲነዱት ልብ ያጠፋል። የዚሁ የሮተር ሞተር ሌላ ዘመድ በ1991 ፈረንሳይ ውስጥ "ለ ማንስ" የሚባለውን የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር ማሸነፉን ታውቅ ይሆናል። እንግዲህ ጥሩው ወሬ ይሄ ነው።

የሮተሩ ሦስት ጫፎች ላይ ማሸጊያ አለ። እነዚህን ለማለስለስ ሞተሩ ሆን ብሎ ትንሽ ትንሽ ዘይት ወደ ማቃጠያው ክፍል ይረጫል። ስለዚህ ዘይት መብላቷ ብልሽት አይደለም፣ አሠራሯ ነው። ብልሽት የሚሆነው ይህን የማያውቅ ባለቤት ዘይት ሳይጨምር ሲነዳት ነው። ነዳጅ በሞላህ ቁጥር ዘይቱን ማየት አለብህ። ይሄ የሚሰለችህ ሰው ከሆንክ እዚህ ላይ አቁም።

ማሸጊያዎቹ ሲደክሙ ግፊት ይጠፋል፣ ሞተር ይወርዳል። ምርመራው ደግሞ በተለመደው መለኪያ አይሆንም። የሮተር መለኪያ ያለው ጋራዥ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሮተር ሦስት ፊት አለው፣ ስድስቱንም ለየብቻ ማንበብ ያስፈልጋል። መለኪያው ካልተገኘ ቢያንስ ይህን አድርግ። በደንብ እስክትሞቅ ንዳት፣ አጥፋት፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅና እንደገና አስነሳት። ስትሞቅ ለመነሳት የምታንገራግር ከሆነ ግፊቷ ደክሟል። ሻጩ "ባትሪው ነው" ይልሃል።

ሌላው የዚህች መኪና ባሕርይ፣ ቀዝቅዛ አስነስተህ ለአጭር ርቀት አንቀሳቅሰህ ወዲያው ማጥፋት አይወደድላትም። ነዳጁ ውስጥ ይጠራቀምና ድጋሚ አልነሳም ትላለች። ለካንዴላ እሳት የሚሰጡት ኮይሎቿም ቶሎ ይደክማሉ። የደከመ ኮይል ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ማርሚታው ይሰድዳል፣ የጭስ ማጣሪያው ይዘጋል፣ ሙቀቱ ተመልሶ ሞተሩን ይጎዳል። ኮይልና ካንዴላ በጊዜው መቀየር ከሞተር ማስወረድ ስንት ጊዜ እጥፍ ይረክሳል።

ግዛት አልግዛት? ለሞተር ማስወረጃ የሚሆን ገንዘብ ለብቻ ካስቀመጥክ፣ ሌላ የዕለት መኪና ካለህ፣ ዘይት ማየት የማይሰለችህ ከሆነ፣ ግዛት። ያለዚያ ርካሽነቷ እዚያው ሻጩ ጋ ይቅር።

ጥያቄ፦ የሁለት ትንንሽ ልጆች አባት ነኝ። ኩፔ መግዛት የልጅነት ሕልሜ ነው። ባለቤቴ "እኛንስ የት ልትጭነን ነው?" ትላለች። የኋላ ወንበር እኮ አላት! ምን ይመክሩኛል? (ሕልመኛው አባት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባለቤትዎ ልክ ናቸው፣ ግን ተስፋ አይቁረጡ። የልጆቹን ወንበሮች ይዘው ሻጩ ጋ ይሂዱ። አስገብተው ይሰሯቸው፣ ከዚያ የፊቱን ወንበር ወደ ራስዎ ቦታ መልሰው ይቀመጡ። ጉልበትዎ ዳሽቦርዱን ከነካ መልሱን አግኝተዋል። ጀርባው ወደ ፊት የሚዞር የሕፃን ወንበር ኤርባግ በርቶ ባለበት የፊት ወንበር ላይ አይደረግም። አንዳንዶቹ ኩፔዎች የኋላ ወንበር የላቸውም፣ አንዳንዶቹ ለስሙ ያህል ነው ያላቸው።

የማያስቡት ነገር ደግሞ በሩ ነው። ጠባብ ማቆሚያ ውስጥ ረጅሙ በር እስከ መጨረሻው አይከፈትም። የተኛ ልጅ ይዘው በዚያች ስንጥቅ ጎንበስ ብለው፣ የፊቱን ወንበር አጥፈው፣ የኋላውን ቀበቶ ሲፈልጉ ራስዎን ያስቡት። ለአንድ ቀን ያስቃል። በየቀኑ ሲሆን ወገብ ይጨርሳል። ቤት ውስጥ ሌላ መኪና ካለ ይግዙ፣ እሷ ብቻ ከሆነች ልጆቹ ራሳቸው ቀበቶ ማሰር እስኪችሉ ይታገሡ።

ጥያቄ፦ ሴት ስለሆንኩ ይሁን አላውቅም፣ የሄድኩበት ሻጭ ሁሉ "ለአንቺ አውቶማቲኳ ትሻልሻለች" ይለኛል። ማንዋል ነው የምፈልገው። ተሳስቻለሁ? (ማንዋሏ)

መልስ፦ አልተሳሳትሽም እህቴ፣ የሚሸጠውን አውቶማቲክ ቶሎ ማስወገድ ፈልጎ ይሆናል። ማንዋል በአሮጌ ኩፔ ላይ ሁለት ጥቅም አለው። ሲበላሽ ምን እንደተበላሸ በእግርሽና በእጅሽ ታውቂዋለሽ፣ ጥገናውም ብዙ ጊዜ ቀለል ይላል። ሻጩ እያወራ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ያልኩትን ፈተና ብታደርጊለት ወሬውን ያሳጥራል።

አውቶማቲክ ካየሽ ግን ዓይነቱን ለይ። የተለመደው አውቶማቲክ አንድ ነው፣ ባለ ሁለት ፍሪሲዮኑ ሌላ። ለምሳሌ የኦዲ ቲቲ 3.2 ላይ በ2003 የመጣው ባለ ስድስት ማርሽ ዲ.ኤስ.ጂ. በየ60 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ዘይቱና ፊልትሮው መቀየር አለበት። ካልተቀየረ ቀስ ብለሽ ስትነሺ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ጥገና ኪስ ያራግፋል። "የካምቢዮ ዘይት የዕድሜ ልክ ነው" የሚልሽን ሻጭ አትመኚ።

ጥያቄ፦ አሮጌ ፖርሽ ከአዲስ ቤት መኪና ባነሰ ዋጋ! ልግባበት? (ቸኳዩ)

መልስ፦ መግዣው ነው የረከሰው፣ መለዋወጫው አሁንም የፖርሽ ነው። እስከ 2008 ሞዴል ድረስ ያሉት ቦክስተር፣ ኬይማንና ተራዋ 911 ሞተራቸው ውስጥ መካከለኛውን ዘንግ የሚይዝ ኩሽኔታ አላቸው። አይ.ኤም.ኤስ. ይሉታል። ኩሽኔታው ከተበላሸ ሞተሩን ይዞ ነው የሚሄደው። ሁሉም ላይ አይደርስም፣ ከሁሉም በላይ የሚያሰጉት ከ2000 እስከ 2005 ገደማ የተሠሩት ናቸው። ከ2009 ጀምሮ ያለው አዲስ ሞተር ይህ ኩሽኔታ የለውም። አሮጌዋን ካልክ መካኒኩ የዘይት ፊልትሮውን አውጥቶ፣ ከፍቶ፣ ወረቀቱ ውስጥ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ መኖር አለመኖሩን ይይልህ። ብናኝ ካለ ሂሳቡን ከፍለህ ውጣ።

ጥያቄ፦ የኋላ ክንፏን (ስፖይለሯን) ማንሳት እፈልጋለሁ። ለጌጥ ነው አይደል? (ጌጥ የማይወድ)

መልስ፦ አንዳንዴ አዎ፣ አንዳንዴ አይደለም። የመጀመሪያዋ ኦዲ ቲቲ በ1998 ስትወጣ ክንፍ አልነበራትም፣ ቅርጿም ተደንቆ ነበር። ከዚያ ጀርመን ውስጥ በከፍተኛ ፍጥነት ላይ እያሉ መስመር የሳቱ አደጋዎች ተከሰቱ። ኩባንያው መኪኖቹን ጠርቶ የኋላ ክንፍና የኤሌክትሮኒክ መረጋጊያ ጨመረባቸው። ፋብሪካው ያደረገውን ክንፍ አትንካ። የቀድሞ ባለቤት በሲሊኮን የለጠፈውን ግን በደስታ ንቀለው።

ጥያቄ፦ ገዛኋት! መጀመሪያ ምን ላድርግ? (ደስተኛዋ)

መልስ፦ እንኳን ደስ አለሽ። ሻጩ "አሁን ነው የቀየርኩት" ቢልሽም የሞተር ዘይትና ፊልትሮ ቀይሪ። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ ርጥበት ይስባል፣ ርጥበት የያዘ የፍሬን ዘይት ደግሞ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ሁለት ዓመት ካለፈው ቀይሪው። የሞተሯ ቫልቮች በቺንጊያ የሚንቀሳቀሱ ከሆነና መቼ እንደተቀየረ ደረሰኝ ከሌለ፣ አልተቀየረም ብለሽ ቁጠሪ። በብዙ ሞተሮች ቺንጊያው ሲበጠስ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ።

ጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ አለ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ብዙ ኩፔዎች በብዛት ስለሚቆሙ ጥርሱ ሳያልቅ ጎማው ያረጃል፣ ይደርቃል፣ በዝናብ አይዝም። አራቱንም አንድ ዓይነት አድርጊ። የኋላው ጎማ ከፊቱ ሰፋ ያለ ከሆነ ደግሞ ፊትና ኋላ ማቀያየር አይቻልም።

ቱርቦ ካላት ደግሞ እንደቆመች ወዲያው አታጥፊያት፣ በተለይ ጠንክረሽ ከነዳሻት። የመጨረሻዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች ረጋ ብለሽ ንጂ፣ ያ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ነዳጅ ስረግጥ እና ስለቅ ከኋላ "ጋ!" የሚል ድምፅ አለ። መካኒኩ "የስፖርት መኪና ነው፣ እንዲህ ነው" አለኝ። (ጆሮው የሚሰማ)

መልስ፦ መካኒክ ቀይር። ስትረግጥና ስትለቅ የሚመጣ አንድ ምት ብዙ ጊዜ የዲፈረንሻሉ ወይም የኋላ እግሩ ጎሚኒ (የላስቲክ መያዣ) አልቆ፣ ወይም የካርዳኑ መጋጠሚያ ላልቶ ነው። ክሪክ ላይ አውጥተህ፣ በጠንካራ ማቆሚያ ደግፈህ፣ ሌላ ሰው በብረት ዘንግ ዲፈረንሻሉን ገፋ ገፋ ያድርገው፣ አንተ በባትሪ እያበራህ ጎሚኒውን እይ። የተቀደደ ጎሚኒ በዓይን ይታያል። ዝም ብለህ ብትነዳት ምቱ ወደ ማሰሪያው ይዞራል፣ ያኔ ጎሚኒ መቀየሩ ቀርቶ ላሜራ ብየዳ ውስጥ ትገባለህ። ጎሚኒው ጤነኛ ከሆነ የዲፈረንሻሉን ዘይት አስወርደህ ብረት እንዳለው እይና ጻፍልን።